አንድ አንድ ኩላሊት

ጥቅምት 2፣ ሰኞ

ወንድም ጋሼ ከምርመራ ሲመለስ ምንም አላለኝም። ኮቱን ሰቀለ፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ አጉሊ መነጽሩን አጠለቀ፣ የጀመረውን የነሐስ ማህተም ሞርሳው ላይ አጠበቀና መቅረጫውን አነሳ። በእኛ ሱቅ መቅረጫ ብረት ከነካ ማንም አይናገርም። አባታችን ያወጣው ሕግ ነው፤ ድምፅ እጅን ያስታል፣ የሳተ እጅ ደግሞ የሰው ማህተም ያበላሻል። አባታችን ከሞተ በኋላም ሕጉ አልተሻረም። ወንድሜ ማውራት የማይፈልገው ነገር ሲኖር ድንገት ሥራ የሚበዛበት ለዚህ ነው።

እኔም ባንኮኒው ጋ ተቀምጬ ትእዛዝ ስቀበል ዋልኩ። ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ውጭ ወጥቼ ለሚስቱ ደወልኩ። እታበባ ነው የምላት፤ ለእኔ ከታላቅ እህት አታንስም። የሐሞት ጠጠር አለ ብለው በአልትራሳውንድ ሲፈልጉ ኩላሊቱ ላይ ዕጢ አገኙ አለችኝ።

«የትኛው ኩላሊቱ ላይ?» አልኳት።

 ቀስ ብላ፣ «ያለው አንድ አይደል እንዴ» አለች።

ሌላው እኔ ጋ ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከአፌ ወጣ።

ጥቅምት 3

አልረሳሁም። እንዴት እረሳለሁ? በቀኝ በኩል ከእምብርቴ ዝቅ ብሎ በእጄ ስጫነው ይነካኛል። ያኔ የራሴ ሁለቱም ከድተውኝ እጥበት ማሽን ላይ እየተኛሁ ስነሳ፣ ወንድሜ ለእኔ እንኳ ሳይነግረኝ ሄዶ ተመርምሮ መጣና «ይገጥማል ተባለ» አለኝ፤ ስለ በር ቁልፍ የሚያወራ ነበር የሚመስለው። እታበባ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር። ክፉ ቃል አልወጣትም። ትናንትም አልወጣትም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አዲሱ ጫማዬ ጠቦኛል። ሻጩ ቆዳ ነው ይለቃል ብሎ ሸወደኝ።

ጥቅምት 9

ሲቲ ስካን ተነሳ። ትልቅ የወይን ፍሬ ያህላል አሉ። ዛሬ ቀዶ ሐኪሙ ዘንድ ሦስታችንም ገባን። ረጅም፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ ሰው ነው፤ እያወራ ወረቀት ላይ ኩላሊት ይሥላል፣ ሥዕሉ ግን ጆሮ ነው የሚመስለው። ወንድም ጋሼ ሥዕሉ አላማረውም፤ እስክሪብቶውን ተቀብሎ ሊያቃናለት ትንሽ ነበር የቀረው።

«ሌላው ኩላሊት በምን ምክንያት ወጣ?» ብሎ ሐኪሙ ጠየቀው።

«ለሰው ሰጠሁት።»

«ለማን?»

ወንድሜ በአውራ ጣቱ ወደ እኔ ጠቆመ፤ ወንበር ላይ የተቀመጠ ዕቃ የሚያሳይ ይመስላል። ሐኪሙ አንዴ አየኝና ወደ ጆሮው ሥዕል ተመለሰ።

ሐኪሙ ያለውን ልጻፈው፣ ነገ ይምታታብኛል። ኩላሊቱን ሙሉ በሙሉ ማውጣት ይቻላል፤ ያን ጊዜ ዕጢውም ይሄዳል፣ ወንድሜም ቀሪ ዕድሜውን ማሽን ላይ ነው። ዕጢውን ብቻ ቆርጦ ማውጣትም ይቻላል፤ ሆድ ሳይከፈት፣ በትንንሽ ቀዳዳ ካሜራና መቁረጫ አስገብቶ። እሱ ራሱ ሁልጊዜ ይሠራዋል። ግን የወንድሜ ዕጢ የተቀመጠው ትልልቆቹ የደም ሥሮች ከሚገቡበት ብዙም ሳይርቅ ነው። ሲቆርጥና ሲሰፋ ደሙን ለጊዜው መግታት አለበት፤ ደም ያጣ ኩላሊት ደግሞ እንደ ቀድሞው ላይመለስ ይችላል። ሁለት ላለው ሰው ብዙም አያሳስብም አለ። ሦስተኛው መንገድ መርፌ ነው። በጀርባ በኩል ቀጫጭን መርፌዎች አስገብተው፣ በስካን እያዩ፣ ዕጢውን እዚያው ባለበት በቅዝቃዜ ይገድሉታል። ኩላሊቱ በቦታው ይቀራል። አራተኛው መጠበቅ ነው፤ በየጥቂት ወሩ ፎቶ እያነሱ ማየት። ትንንሾቹ አንዳንዴ ለዓመታት ንቅንቅ አይሉም አለ።

ወንድሜ የጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ከዚህ ሁሉ በኋላ እጁ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ። ከዚያ፣ «እንግዲህ መጠበቁ ይሻላል» አለ።

እታበባ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ መንገድ ላይ ደሜ ፈልቶ ስጮህበት አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያየን ነበር። ምን እንዳልኩት አልጽፍም። እሱ የመለሰልኝ፣ «ቀስ በይ ሚጡ፣ እያነከስሽ ነው» ብቻ ነው። ሚጡ የልጅነት ስሜ ነው። በዚህ ዕድሜዬም አልተወኝም።

ጥቅምት 11

የጎረቤታችን ቁልፍ ቀራጭ ከየት እንደሰማ እንጃ፣ «ኩላሊትህን ፍሪጅ ሊያስገቡት ነው አሉ» ብሎ ቀለደ። ወንድሜ ከልቡ ሳቀ። እኔ በሩን በፊቱ ዘጋሁበት።

ትናንት የማታውን እንክብል ሳልውጥ መተኛቴ ጠዋት ነው ትዝ ያለኝ። ሰውነቴ የወንድሜን ኩላሊት ባዕድ ነው ብሎ እንዳያባርረው ጠዋትና ማታ የምውጠው ነው። አሳልፌ አላውቅም ነበር። አንድ ቀን ምንም አይልም።

ጥቅምት 16

የክትትል ነርሷ ደወለች። የደም ምርመራዬ ቀን አልፏል። በሚቀጥለው ሳምንት እመጣለሁ አልኳት። እዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ፣ «ኩላሊትሽ ጥሩ እየሠራ ነው» ስትለኝ ምን ብዬ ልመልስላት? የማን ኩላሊት?

ጥቅምት 18

ከዕጢው በመርፌ የወሰዱት ናሙና ውጤት መጣ። ካንሰር ነው። ቀዶ ሐኪሙ አሁን መጠበቁን አልመክርም አለ፣ የመርፌዋን ሐኪም ሂዱና አነጋግሯት አለ። ወንድም ጋሼ ቃሉን ከአፉ አላወጣውም፤ «ያ ነገር» ነው የሚለው። ቀኑን ሙሉ ሲቀርጽ ዋለ። ስንዘጋ ሄጄ ባየው አንዲት ፊደል ነች የጨረሰው።

ጥቅምት 23

የመርፌዋ ሐኪም አጭር ናት፣ ድምፅዋ ከቁመቷ ይበልጣል። ወንድም ጋሼ ገና ከክፍሏ ሳንወጣ «በረዶዋ» የሚል ስም አወጣላት። መርፌውን አሳየችው። ጫፉን እያገላበጠ ሲያይ ቆየና፣ «ጥሩ የተሳለ ነው» አላት። እሷም አመሰገነችው። ሁለቱ እንዲህ ባለ ነገር ተግባቡ።

ዕጢው በርዶ፣ ቀልጦ፣ እንደገና መብረድ አለበት አለች፤ በሁለተኛው ነው የሚሞተው። በረዶው ስክሪን ላይ እንደ ጠቆረ እንቁላል ይታያል፤ እንቁላሉ ዕጢውን አልፎ ዙሪያውን እስኪሸፍነው ትጠብቃለች። አንጀት ከተጠጋ በፈሳሽ ገፋ ታደርገዋለች። ሊደማ ይችላል። ትንሽ ሊቀርና ሊደገም ይችላል። ምንም አልደበቀችንም።

ትልቁ ነገር ትንፋሽ ነው አለች። ኩላሊት ከትንፋሽ ጋር ይወጣል ይወርዳል። ወንድሜ በሆዱ ተኝቶ፣ ከፊል እንቅልፍ በሚያመጣ መድኃኒት ፈዝዞ ይሆናል፤ «ትንሽ አየር ሳብ ያድርጉና ይያዙ» ስትለው ሁልጊዜ እኩል መጠን መሆን አለበት። ቤት ሆኖ ይለማመድ አለች።

ወንድም ጋሼ ከስንት ጊዜ በኋላ ፈገግ አለ። «ትንፋሽ መያዝማ እንጀራዬ ነው» አላት።

ማን ያለማምደዋል ስትል እንደ ተማሪ እጄን አወጣሁ። እታበባ አየችኝ። እኔ ላድርገው፣ ይቺን እንኳ እኔ ላድርጋት።

ጥቅምት 25

ልምምድ ጀመርን። ቤታቸው ሶፋ ላይ ሞከርነው፣ አልሆነም። አንዴ ብዙ ይስባል፣ አንዴ ትንሽ፣ ከዚያ ይስቃል። «በባዶ እጅ ትንፋሽ እንዴት ይያዛል?» አለኝ። ሱቅ ወሰድኩት። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ መቅረጫውን ብረት ላይ አሳረፈ፣ «ያዝ» አልኩት። ድንጋይ ሆነ። እጄን ጀርባው ላይ አድርጌ ነበር፤ ንቅንቅ የለም። በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝ።

ጥቅምት 28

በየቀኑ ሱቅ ስንከፍትና ስንዘጋ። እንደ ሰዓት ነው የሚሠራው። ዛሬ ግን፣ «ሐኪሟ አየር ሳብ አድርግ ነው ያለችው፣ አንተ መጀመሪያ ታስወጣለህ» አልኩት። አባታችን ያስተማረን እንደዚያ ነው አለኝ። የሞላ ደረት ላይ ልብ ይደልቃል፣ ድለቃው እጅ ድረስ ይመጣል፤ አስወጥቶ ባዶውን መያዝ ነው። መያዝ ያው መያዝ ነው አለ። እኔም ስቀርጽ የምይዘው ባዶውን ነው። ዋናው አለመነቃነቁ አይደል?

በዚሁ ቀጠልን።

ኅዳር 3

ኮሪደር። ገብቷል።

እታበባ ሹራብ ትሠራለች፣ ታፈርሳለች፣ ትሠራለች።

አሁንም ኮሪደር።

ነርስ በሩጫ ወጣች። ደም ይዛ ተመለሰች።

አቋረጡት። በሕይወት አለ። አቋረጡት።

ኅዳር 4

አሁን ነው የገባኝ።

በረዶዋ አልጋው አጠገብ ቆማ አስረዳችን። መጀመሪያ ሁለት ሦስቴ እንዳለችው አየር ስቦ ያዘ፣ ሁሉ ነገር አማረ። መድኃኒቱ ሲጫነው ግን፣ «ይያዙ» ስትለው ደረቱን ባዶ አድርጎ ያዘ። ጥሩ አድርጎ፣ ድንጋይ ሆኖ ያዘ። ኩላሊቱ ሽቅብ ወጣ። አንድ እጇን በሌላው እጇ ላይ አድርጋ እያንሸራተተች አሳየችን፣ ይህን ያህል። መርፌው ዕጢውን ስቶ የኩላሊቱን ጠርዝ ጫረው። ብዙ ደማ። ቆመ፣ ግን ያን ቀን መቀጠል አልተቻለም።

«ቤት ስትለማመዱ እንዴት ነበር?» አለች። ክስ የለበትም፣ ማወቅ ስለፈለገች ነው።

አፌን ከፈትኩ። ወንድም ጋሼ ቀደመኝ። ከንፈሩ ደርቋል፣ ከአልጋው አጠገብ የተሰቀለው የሽንት ከረጢት ቀይ ነው። «እሷ በደንብ ነው ያለማመደችኝ፣ የረሳሁት እኔ ነኝ» አለ።

ሐኪሟ አመነችው። እኔም ዝም አልኩ። ዝም በማለት ማን ያክለኛል።

ማታ

አንድ ነገር አልጻፍኩም። ከሰዓት በኋላ ውሃ ይዤ ስመለስ እታበባ ከመጋረጃው ወዲያ ከእናቷ ጋር በስልክ ታወራ ነበር። «ሁለቱም ቢኖሩት ኖሮ እኮ አንዱን አውጥተው ይገላግሉን ነበር» አለች። አላለቀሰችም፣ ድካም ብቻ ነው ድምፅዋ ላይ ያለው። ውሃውን መሬት ላይ አስቀምጬ ደረጃውን ወርጄ ሄድኩ።

እውነቷን ነው። ደጋግሜ አሰብኩት፣ ከየትኛውም ወገን ባየው እውነቷን ነው።

ኅዳር 8

ሽንቱ ጠራ። ነገ ቤቱ ይገባል። እታበባ ዛሬ ፊቴን አይታ አበጥሽ አለችኝ። እንቅልፍ ማጣት ነው አልኳት። ሆስፒታል ስመላለስ የማታውን እንክብል ቦርሳዬ ውስጥ መያዝ እየረሳሁ ነው።

ኅዳር 12

አፌ ነሐስ ነሐስ ይለኛል። የሱቁ ብናኝ ነው። መስኮቱን መክፈት አለብን።

ኅዳር 16

ለብቻዬ በረዶዋ ዘንድ ሄድኩ። ለአንዲት ወዳጄ ነው የምጠይቀው አልኳት። አንድ ሰው የተሰጠውን ኩላሊት መልሶ ለሰጠው ሰው መስጠት ይችላል ወይ አልኳት።

መነጽሯን አወለቀች። አይሆንም አለች፣ በቀስታ። ስንት ዓመት ሌላ ሰውነት ውስጥ የቆየ፣ በመድኃኒት የኖረ ነገር ነው፤ ማንም ነቅሎ አይመልሰውም። ወንድምሽ ደግሞ አሁን አዲስ አያስፈልገውም፣ ያለውን ማዳን ነው የሚያስፈልገው አለች። ወዳጄን ወዲያው ረሳቻት። በሁለተኛው ሙከራ ሙሉ ማደንዘዣ እንሰጠዋለን፣ ትንፋሹን ማሽኑ ነው የሚይዝለት አለች፤ የሚረሳው ነገር አይኖርም።

ስወጣ በሩ ላይ አስቆመችኝ። «አንቺስ መቼ ነው የተመረመርሽው?»

«ባለፈው ሳምንት» አልኳት። እንዴት እንደ ዋዛ ወጣልኝ።

ኅዳር 21

የእንክብል ሳጥኑን ከፈትኩት፣ መልሼ ዘጋሁት። እሱ ጀርባው ተጠቅጥቆ ጎኑን ደግፎ እየተኛ፣ እኔ የእሱን ኩላሊት እንክብል እየቀለብኩ ሳኖር ይደብረኛል። ይህን ስጽፍ ምን ያህል ጅልነት እንደሆነ አውቃለሁ። ነገ እውጣለሁ።

ኅዳር 22

ረሳሁ።

ኅዳር 27

ነርሷ ሁለቴ ደውላ ነበር፣ አላነሳሁም። የወንድም ጋሼ ቀን ታኅሣሥ 1 ሆኗል። እሱ ካለፈለት እኔ እሄዳለሁ። መጀመሪያ የእሱ ይለቅ። ቀለበቴን በሳሙና ነው ያወለቅኩት። ደረጃ ስወጣ መሃል ላይ ቆም ማለት ለምጃለሁ፤ ዕድሜ ነው።

ታኅሣሥ 1

ኮሪደር። እታበባ ዛሬ ሹራብ አልያዘችም። እጄን ያዘች። እጇ ቀዝቃዛ ነው፣ ወይም የእኔ ነው።

ወጣች። በረዶዋ። በፈገግታ።

ታኅሣሥ 2

ጨርሶ ሸፈነው። ፎቶውን አሳየችን፤ ጠቆር ያለው እንቁላል ዕጢውን ዙሪያውን ውጦታል። ማሽኑ ተንፍሶለታል፣ ማሽኑ ይዞለታል። ሁለት ጊዜ በረደ፣ አልደማም። ኩላሊቱ ደህና ነው፣ ሽንቱ ጥሩ ነው። ጀርባው ላይ ያለው ፕላስተር የጣት ጥፍር ያህላል፣ ከዚያ የሚበልጥ ቁስል የለውም። ዕጢው መሞቱ በእርግጥ የሚታወቀው ከወራት በኋላ በሚነሳው ስካን ነው፤ ከዚያም ለዓመታት ይታያል።

እታበባ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። እኔ ማልቀስ አቃተኝ። ደስ ብሎኛል፣ ከልቤ ደስ ብሎኛል፤ ግን ደስታው ሌላ ክፍል ውስጥ ያለ ይመስል ግድግዳውን አልፎ አልመጣልኝም። ቤቴ ገብቼ ከነልብሴ ተኛሁ።

ታኅሣሥ 7

ነርሷ። በሚቀጥለው ሳምንት አልኳት። ምግብ ሽታው ያስጠላኛል።

ታኅሣሥ 14

 እንዳለ ልጻፈው።

ወንድም ጋሼ ዛሬ ሱቅ ተመለሰ። ቁልፍ ቀራጩ «ከፍሪጅ ወጣህ?» ብሎ አቅፎ ሳመው፣ እኔም ዛሬ በሩን አልዘጋሁበትም። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ከበሽታው በፊት የጀመረው የአንድ ትምህርት ቤት ማህተም የመጨረሻዋ ፊደል ቀርታው ነበር። አጉሊ መነጽሩን አጠለቀ፣ መቅረጫውን አሳረፈ፣ ትንፋሹን አስወጣ፣ ያዘ። እኔ ውሃ ልሰጠው መጥቼ፣ ብረት መንካቱን ሳይ ብርጭቆውን እንደያዝኩ ቆምኩ።

ቀና ሳይል፣ መቅረጫው ነሐሱ ላይ እንዳለ፣ «ጫማሽን አውልቂ» አለኝ።

በዚያ ሱቅ፣ በአባታችን ጊዜም ሆነ ከዚያ ወዲህ፣ መቅረጫ ብረት ነክቶ ሰው ሲናገር ሰምቼ አላውቅም።

«አውልቂ አልኩሽ።»

መቅረጫው ሸርተት ብሎ ማህተሙን ከዳር እስከ ዳር ሰነጠረው። ዞር ብሎ አላየውም። ከወንበሩ ተነሳ፣ ጀርባውን ይዞ ቀስ እያለ እግሬ ሥር ተንበረከከና ጫማዬን ራሱ አወለቀው። የካልሲዬ ጠርዝ ሥጋዬ ውስጥ ገብቶ ቀለበት ሠርቷል። አውራ ጣቱን ቅልጥሜ ላይ አሳርፎ ተጫነና አነሳው። የጣቱ ቅርጽ ጎድጉዶ እዚያው ቀረ። የቀረጸውን እንደሚፈትሽ ሆኖ ብዙ ጊዜ አየው።

መቼ እንደተመረመርኩ ጠየቀኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኩት።

«ሥራ በዝቶብኝ ማለት የኔ ውሸት ነው፣ ሌላ ፈልጊ» አለኝ።

 ሱቁ ጸጥ አለ፣ ማንም ግን ምንም እየቀረጸ አልነበረም። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። ከሰጠኝ ቀን ጀምሮ ኩላሊትሽ ነው የሚለው፣ አንድም ቀን የኔ ብሎት አያውቅም።

«ኩላሊቴን ምን አደረግሽው ሚጡ?»

«አልዋጥኩም» አልኩት። «ብዙ ቀን አልዋጥኩም።»

ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። ሽርጡን አወለቀ፣ መብራቱን አጠፋ፣ ጫማዬን ራሱ አደረገልኝ። መልሶ አልገባ ስላለ ተረከዙን አጥፎ እንደ ነጠላ ጫማ አደረገልኝና ወጣን።

ታኅሣሥ 17

ሰውነቴ ኩላሊቱን ማባረር ጀምሯል። በመርፌ ናሙና ወሰዱ፤ እኔም በተራዬ በመርፌ። ኃይለኛ መድኃኒት በደም ሥሬ እየሰጡኝ ነው። የክትትል ሐኪሙ የሄደው ሄዷል፣ የቀረውን ለማቆየት እንሞክራለን አለ። ስንት እንደቀረ አልነገረኝም። ወንድም ጋሼ፣ «በበረዶ አይሆንም?» ብሎ ሊቀልድ ሞከረ። ማንም አልሳቀም፣ እሱም አልሳቀም።

ታኅሣሥ 21

እታበባ መጣች። ሹራቡን ጨርሳዋለች፤ ለእኔ ነው፣ እጅጌው አጥሯል። አልጋዬ ዳር ስትቀመጥ በስልክ ስታወራ እንደሰማኋት ነገርኳት። ይቅር እንድትለኝ ይሁን እንድትሰድበኝ፣ የትኛውን እንደፈለግኩ እንጃ።

ፊቷን አላጠቆረችም። ሹራቡን እያጠፈች፣ እያጠፈች ቆየች።

«ብዬዋለሁ» አለች። «እውነትም ነው፣ ሁለት ቢኖሩት ይቀለን ነበር። ግን ያኔ ሲሰጥሽ አጠገቡ ቆሜ አብሬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ሆዴ እስከዚህ ገፍቶ። ፈርቼ ነው የፈረምኩት፣ ግን ፈርሜያለሁ። ያ የሱ ብቻ አይደለም፣ ሁለታችን ነን የሰጠንሽ። አንቺ አዘንኩለት ብለሽ የሰጠንሽን ጣልሽብን።»

ከዚያ ሹራቡን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችልኝ፣ ትራሴን አቃናችልኝና ሄደች። የፈለግኩትን ስድብ አገኘሁ። እንዲህ ያማል ብዬ አልጠበቅኩም። የክትትል ሐኪሙ አልወቀሰኝም፣ ወንድሜ አልጮኸብኝም፤ እታበባ ግን እንደ ሰው ተቆጣችኝ። ከተኛሁ ወዲህ ያለቀስኩት ዛሬ ነው።

ጥር 4

ቤቴ ገባሁ። ከኩላሊቱ አቅም ከግማሽ ያነሰ ነው የቀረው። በየሳምንቱ ደም እሰጣለሁ። ሊቆይ ይችላል፣ አንድ ዓመት፣ ምናልባት ከዚያ በላይ፤ ካልሆነ ተመልሼ ማሽኑ ላይ ነኝ። ማሽኑን አውቀዋለሁ። በዚያን ጊዜ የሚሰጠኝ ሰው አይኖርም፣ እንዲኖርም አልፈልግም።

የወንድም ጋሼ ስካን ገና ነው። እጁ አልተንቀጠቀጠም። የትምህርት ቤቱን ማህተም እንደገና ሠራው፣ አምሮለታል። ሱቅ ስሄድ አሁን መቅረጫው ብረት ላይ እያለም ያናግረኛል፤ «በልተሻል?» ይለኛል፣ «እግርሽን ከፍ አድርጊ» ይለኛል። ሁለት ማህተም አበላሽቷል። ግድም አልሰጠው።

ጥር 9

በየማታው በእንክብሌ ሰዓት ስልኬ ይጠራል። አነሳዋለሁ። ወንድም ጋሼ ነው፤ ሃሎ አይልም፣ እኔም አልልም። ሳጥኑን ስከፍት፣ ውሃ ስቀዳ ይሰማዋል። ትንፋሹን ይዟል፤ የሞላውን ይሁን ባዶውን በስልክ አይለይም።

«ዋጥኩ» እለዋለሁ።

ያኔ ይተነፍሳል።